የካፒቴን ኪኒሽ ሳቅ

አንድ ቋንቋ በጨዋነት ብዛት ሊሞት ይችላል ብትባሉ ታምናላችሁ? በዱላ ይሞታል ቢሏችሁ ታምናላችሁ፤ በሕግ፣ በረሃብ፣ በስደት ቢባልም ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። በጨዋነት ግን? ወንበር በመልቀቅ፣ ድምፅ በመቀነስ፣ «እንግዳው እንዳይከፋው» በማለት? የፒሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ኦሪ ክሉካስም አያምንም ነበር። ያን ማክሰኞ ግን በዓይኑ አየው፤ ካየም በኋላ ጨዋ የሚባል ሰው ባጋጠመው ቁጥር ጥርሱን መንከስ ልማዱ ሆነ።

ጦርነቱ ካበቃ ስድስተኛው ዓመት፣ የሰኔ አጋማሽ ነው። የአንድ ዓሣ ነጋዴ ሽፍን መኪና ከፒል ወደብ ተነሥቶ የላርጊን ዳገት እያቃሰተ ይወጣል። ሄሪንግ የሚባል በጭስ የደረቀ ዓሣ ይጫንበት የነበረው ጀርባው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ የድምፅ መቅጃ፣ ሁለት ከባድ ባትሪና ስድስት ባዶ ሸክላ ይዟል። የሚነዳው ኦሪ ነው። በየጉድጓዱ ፍሬን እየረገጠ ወደ ኋላው ይገላመጣል፤ ሸክላዎቹ ለስላሳ ቀለም የተቀቡ ስለሆኑ የጥፍር ጭረት እንኳ ያበላሻቸዋል። አንዱ አራት ደቂቃ ይይዛል። ስድስቱ ሃያ አራት ደቂቃ። ከዚያ በላይ የለም።

በኪርክ ብሬኖክ አጥቢያ የደሴቱን ጥንታዊ ቋንቋ፣ ማንክስኛን፣ ከእናታቸው ጡት ጋር የጠቡ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። አንዷ የላርጊዋ ፔጊ ስኪሊኮርን ነች፤ ሰማንያ አራት ዓመቷ። ሌላው ጎረቤቷ ጁአን ኮርኪል ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ የሰው ቤት በሣር ሲከድን ኖሮ አሁን መሰላል መውጣት ያቃተው ሽማግሌ። ጁአንን ሐሙስ በሚነሣው መርከብ ልጁ ወደ ሊቨርፑል ልትወስደው ነው፤ መመለሻ የሌለው ጉዞ። ከሐሙስ በኋላ ፔጊ በቋንቋዋ የምታናግረው ድመቷን ነው። ኦሪ የሚፈልገው ጸሎት የሚደግም ብቸኛ ሽማግሌ አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን የቀዱ ሞልተዋል። እሱ የፈለገው ሁለቱ ሲጨቃጨቁ፣ ሲሳለቁ፣ አንዱ የሌላውን ቃል ከአፉ ሲነጥቅ ነው። ይህን ለመቅዳት የቀረው ያ ቀን ብቻ ነበር።

ከጎኑ የአጥቢያው ካፒቴን ሮበርት ኪኒሽ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ መንገዱን ያያል። ካፒቴንነቱ የባሕር አይደለም፤ አጥቢያውን በገዢው ፊት የሚወክልበት፣ ከአባቱ የወረሰው ማዕረግ ነው። የማንክስኛ ተናጋሪዎችን ድምፅ የሚያስቀዳው ኮሚቴ ሊቀ መንበርም እሱ ነው። መኪናውን ያስገኘ እሱ፤ ሸክላዎቹን ያስመጣ እሱ፤ በየሸክላው ወረቀት ላይ የእሱ ፊርማ ከሌለ መዝገብ ቤቱ አይቀበልም። ማንክስኛ ግን አያውቅም። ይህን በየስብሰባው ሲናገር ድምፁ ውስጥ እንደ ኩራት ያለ ነገር ይሰማል፤ «በእኛ ቤት እንግሊዝኛ ብቻ ነበር» ይላል። በሕዝብ ቆጠራው ቅጽ ላይም ይህንኑ ጽፎ ፈርሟል።

«ስለ ሣር ክዳን ጠይቃቸው» አለ። «ቅቤ አናናጥ፣ ሱፍ ማባዘት፣ የአሳማ እርድ። ሰው የሚወደው ይህን ነው። ስለ ትምህርት ቤት፣ በማንክስኛ ሲናገሩ ስላረፈባቸው ዱላ ምናምን አታንሣባቸው።»

«ሰው ሆዱ ያለውን ነው የሚያወራው፣ ካፒቴን።»

«ሰው የተጠየቀውን ነው የሚያወራው። አባቴ ሠላሳ ዓመት አጥቢያ ሲመራ የተማረው ይህን ነው።»

ኦሪ መሪውን ጨበጠ። «እዚያ ስንደርስ እርስዎ መኪናው ውስጥ ቢቆዩልኝስ?»

«ለምን ሲባል?»

«ማንክስኛ አያውቁማ። የማያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ካለ እነሱ አይናገሩም።»

«ስለማላውቅ እኮ ነው የማላስቸግረው። እንደ ወንበር ቁጠረኝ።»

ኦሪ መልስ ነበረው፤ ዋጠው። መኪናው የሰው ነው፣ ሸክላው የሰው ነው። ቁጣውን ይዞ ዳገቱን ወጣ።

የፔጊ ቤት በነፋሱ ተጋድማ የተኛች ዝቅ ያለች ጎጆ ነች። የሣር ክዳኗ በገለባ ገመድ ተጠፍሮ፣ ገመዱ ከግንቡ በወጡ የድንጋይ ችካሎች ላይ ታስሯል። በሩ ከወገብ በላይ ተከፍቷል፤ በዚያም በኩል የሁለት ሰው ጭቅጭቅ ይፈሳል። ኦሪ ሞተሩን አጥፍቶ ጆሮውን ጣለ።

«ያቺ ላም የእናንተ አልነበረችም እልሃለሁ» ትላለች የሴት ድምፅ፣ በጠራ ማንክስኛ።

«ታዲያ ለምን እኛን ወጋችን?» ይላል ወንዱ።

«እናንተን የማይወጋ ማን አለ? አባትህን አውራ ዶሮ አሳዶት የለ?»

«ዶሮው ልክ ነበረ። አባቴ ግን ሮጦ—»

የካፒቴኑ ባርኔጣ በግማሹ በር ላይ ብቅ አለ። ሽማግሌው ቃሉን ሳይጨርስ አቆመ። ከመቀመጫው ተነሣ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ቀጥሎም በተሰባበረ እንግሊዝኛ «እንደምን ዋሉ ጌታዬ፣ ዛሬ ነፋሱ በርትቷል» አለ። ፔጊ ጥቁር የእሑድ ቀሚሷን እየደለደለች ጥሩዋን ወንበር ለካፒቴኑ ጠረገችለት። ፋኖስን እፍ ብሎ ማጥፋት ይህን ያህል አይፈጥንም።

ኦሪ ደጅ ላይ ባትሪውን እንደታቀፈ ደሙ ፈላ። በማን ላይ እንደሚቆጣ አላወቀም። በሽማግሌዎቹ? እነሱ የተማሩት ይህንን ነው፤ የማያውቅ ሰው ባለበት በማንክስኛ ማውራት ሰውን እንደ ማማት ይቆጠራል፣ የባለጌ ሥራ ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ከአስተማሪው፣ ከሐኪሙ፣ ከዳኛው፣ ከደብዳቤ አዳዩ ፊት ቋንቋቸውን እያጠፉ «እንደምን ዋሉ» ብለዋል። ቤት የሚገባ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው አንድ ይሁን አሥር ልዩነት የለውም፤ አንዱ ለሁሉም ይበቃል።

የረግረግ አፈር ማገዶ በሚጨስበት ምድጃ አጠገብ መቅጃውን ገጠመ። ማይክሮፎኑን በሁለቱ መሃል በወተት ማሰሮ ላይ አስደገፈው። ፔጊ ለሁሉም ሻይ ቀዳች። ስኳር ገና በራሽን ነበርና ማንኪያውን ለካፒቴኑ ብቻ ሞላች፤ ቦናግ የሚባለውን ወፍራም ቂጣም ቆርሳ ቅቤ ቀብታ አቀረበችለት።

«አሁን እርስ በርሳችሁ አውሩ» አለ ኦሪ በማንክስኛ። «እኔም የለሁ፣ ማንም የለም።»

«ካፒቴን አሉ እንጂ» አለች ፔጊ በእንግሊዝኛ፣ እየተሽኮረመመች።

የመጀመሪያው ሸክላ አለቀ። ሙሉው እንግሊዝኛ ነበር፤ ያውም ስለ አየሩ።

ሁለተኛው ሲዞር ጁአን ተለመነና ስለ ሣር ክዳን በማንክስኛ ጀመረ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገርና ወደ ካፒቴኑ ዞሮ በእንግሊዝኛ ይደግመዋል፤ ያስነጥሳል፤ ይቀጥላል። «የገለባ ገመድ ሲገመድ አንዱ ይመግባል፣ አንዱ ወደ ኋላ እየሄደ ያዞራል።» ትርጉም። «ወደ ኋላ የሚሄደው ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል።» ትርጉም። ከአራቱ ደቂቃ ሁለቱ ካፒቴኑን ለማስተናገድ ሄዱ። ኦሪ ከመርፌው ሥር ከሸክላው እየተላጨ የሚወጣውን ቀጭን ክር በብሩሽ ይጠርግ ነበር።

ሦስተኛው ላይ ፔጊ ወገቧን አቅንታ፣ እጆቿን አጣጥፋ፣ «አባታችን ሆይ»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በማንክስኛ ደገመች። እንግዳ ሁሉ የሚጠይቃት እሱን ነበርና። ጨረሰች፤ ደግማ ጀመረች።

«ግሩም ነው» አለ ካፒቴኑ፤ በሸክላው ወረቀት ላይም አሳምሮ ፈረመ።

ኦሪ ብሩሹን አስቀመጠ። «ካፒቴን፣ በእግዚአብሔር ስም ወደ ውጭ ይውጡልኝ።»

«ምን አልክ?»

«ግማሹ አለቀ። ሦስት ሸክላ ሙሉ ለእርስዎ ሻይ ሲቀዳልዎት አለቀ።»

«ልጄ» አለች ፔጊ ደንግጣ፣ «በእኔ ቤት እንግዳ አይባረርም።»

ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ጁአን ኮፍያውን እያገላበጠ ሁለቱን አየ። ጸብ አይወድም፤ ግን ኦሪን ይወዳል፤ ሐሙስ እንደሚሄድም ያውቃል። «አንድ ነገር ላስብ» አለ በመጨረሻ። «አንዲት ቀልድ ልናገር፤ ወጥ አድርጌ፣ በእኛው። ማሽኑ ሲቆም ለካፒቴን በእንግሊዝኛ እነግራቸዋለሁ። አይቀርባቸውም፤ ትንሽ ይቆያቸዋል እንጂ። ይህ ነውር ነው፣ ፔጊ?»

ፔጊ አሰበች። «ይቆያቸዋል ማለት ነውር አይደለም» አለች። ካፒቴኑም በግርማ ራሱን ነቀነቀ።

አራተኛው ሸክላ ዞረ።

«ኢሊያም ሞር ፈረሱን ለአዲሱ ቄስ ሰጠ» አለ ጁአን። ድምፁ ወዲያው በሃያ ዓመት ወጣት ሆነ። «ግሩም ፈረስ፤ ግን ከተወለደ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሰምቶ አያውቅም። ቄሱ ደግሞ በቀጥታ ከእንግሊዝ። እሑድ ጠዋት ጋሪው ላይ ወጥተው አለንጋውን አጮሁ፤ ፈረሱ ሄደ።»

«መሄድ መቼ ቋንቋ ይፈልጋል» አለች ፔጊ።

«መቆም ነው የሚፈልገው። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ቁም አሉት፣ በእንግሊዝኛ። አለፈ። ምእመኑ በር ላይ ተሰልፎ ቄሱ ሲያልፉ ያያል።»

«አንድ ሰው እንኳ አልጮኸም?»

«ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም አሏቸው እንጂ።»

ፔጊ በአፍንጫዋ ሳቀች። ኦሪ ወደ መርፌው አጎነበሰ። ይኸው፤ የፈለገው ይኸው።

«ቄሱ ይለምናሉ፣ ይቆጣሉ፣ ከነቢያት ይጠቅሳሉ። ፈረሱ የወፍጮ ቤቱ ኩሬ ውስጥ ገባ፤ ውሃው ሆዱ ላይ ሲደርስ ቆሞ ጠጣ። ዳክዬዎቹ በጋሪው ላይ ወጡ። ኢሊያም ሞር እያለከለከ ደረሰ። ቄሱ ከውሃው መሃል ሆነው ‹ፈረስህን ውሰድ፣ ደንቆሮ ነው› አሉት።»

«ኢሊያምስ?»

«ኢሊያም ኮፍያውን አወለቀና ‹አባቴ፣ በፈረሱ አይፍረዱበት። እሱም እንደ እርስዎ አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚያውቀው› አላቸው።»

በክፍሉ ውስጥ ሳቅ ፈነዳ። የፔጊ አልነበረም፤ እሷ ገና አፏን እየከፈተች ነበር። የኦሪም አልነበረም። ካፒቴን ኪኒሽ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተወርውሮ፣ አንገቱ ቀልቶ፣ ጉልበቱን በመዳፉ እየመታ ይስቃል፤ በልጅነቱ በእናቱ ማድቤት እንደሳቀው ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ። ከዚያም ብቻውን እንደሚስቅ አወቀ። ሳቁን ለማቆም ቸኮለ፤ መሃል ላይ ተሰበረበት። መርፌው ግን መላጨቱን አላቆመም።

«ገና አልተረጎምኩልዎትም እኮ፣ ካፒቴን» አለ ጁአን ቀስ ብሎ።

«እኔ ... ሌላ ነገር አስቤ ነው» አለ ካፒቴኑ በእንግሊዝኛ።

ፔጊ የሻይ ስኒውን እንደያዘች የሰውየውን ፊት ታየው ነበር፤ ሰው የጠፋበትን ዕቃ ጎረቤቱ ቤት መደርደሪያ ላይ ሲያገኝ እንደሚያየው። ስኒውን አስቀመጠች።

«ይህ ሸክላ አለቀ?» አለች ለኦሪ፣ በማንክስኛ።

«ሊያልቅ ነው፣ እማማ ፔጊ።»

«ሌላ አድርግ።»

ኦሪ አምስተኛውን አደረገ። ፔጊ ፊቷን ወደ ካፒቴኑ መለሰች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ትለው ነበር።

«ሮቢን» አለች። «አንተ የኤሊሽ ልጅ። ለካ የማያውቅ ሰው ቤቴ ውስጥ የለም። እንግዲህ ነውሩ ቀረልኝ።»

ካፒቴኑ በእንግሊዝኛ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ዝም በል። ማሽኑ እኔን ነው የሚሰማው። ጁአን፣ ኤሊሽ ኪኒሽ የሞተችበትን ዓመት ታስታውሳለህ?»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሆናል። የከብት ማደሪያቸውን ክዳን የቀየርኩ ጊዜ።»

«እኔ ያኔ ልብስ አጥብላቸው ነበር። ኤሊሽ ግማሽ ጎኗ ደርቆ እንግሊዝኛው ከአፏ ጠፋ። ድሮም ከላይ የተለጠፈባት ነበር፤ ተላጠ። የቀራት እናቷ የሰጠቻት ብቻ ነው። ከከተማ ነርስ አመጡላት። እኔ ግቢው ውስጥ፣ ከመኝታ ቤቷ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ቦታ አንሶላዋን እቀቅላለሁ። አንድ ቀን ነርሷ መጣችና ‹ፔጊ የምትባለው ማን ነች?› አለችኝ። ‹አሮጊቷ ቀንና ሌሊት ፔጊ፣ ፔጊ ትላለች። ልጇን ብጠይቀው ድሮ የነበረች ላማችን ነች አለኝ› አለችኝ።»

«ላም?» አለ ጁአን።

«ላም። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ወጣሁ። ደረጃው አናት ላይ ይሄ ሰውዬ ቆሟል። ‹ትቀባጥራለች፣ ፔጊ፤ አንድም ትርጉም ያለው ቃል የለም፤ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ› አለኝ። በሩ ተከፍቶ ነበር፣ ጁአን። ኤሊሽ እየተናገረች ነበር፣ በጠራ ማንክስኛ። ‹ሮቢን፣ አንድ ቃል መልስልኝ። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም ወይ?› ትላለች።»

ጁአን ራሱን ያዘ። «ምን አደረግሽ?»

«ወረድኩ። ምን ላድርግ? የሰው ቤት ነው፤ የቤቱ ጌታ ሂጂ ብሎኛል። ሃያ ሁለት ቀን ተናግራ ሞተች። እኔም አዘንኩለት። ሰምተኸኛል፣ ሮቢን? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዘንኩልህ። ቤተ ክርስቲያን ባየሁህ ቁጥር፣ ምስኪን፣ የእናቱን ቋንቋ አላስተማሩትም፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፣ እል ነበር። የሰደቡህን ተቆጥቻለሁ። ዛሬ በጁአን ፈረስ ሳቅህ።»

ኦሪ ዓይኑን ከፔጊ ነቅሎ መርፌውን ማየት አልቻለም፤ ክሩ ተጠቅልሎ ሊቆልፈው ሲል በመጨረሻው ሰዓት ጠረገው። ይህን የመሰለ ማንክስኛ በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም። ቁጣዋ እያንዳንዱን ቃል ጠርቦ ያወጣው ነበር። አሥር ዓመት ሽማግሌዎችን ስለ ቅቤ ሲጠይቅ የኖረው ለምን እንደነበረ ለራሱ ገረመው።

ሸክላው አለቀ። ካፒቴኑ ተነሣ። ሲናገር ከዕድሜው በላይ የገፋ ሽማግሌ ይመስል ነበር።

«አባቴ በዚያ ቤት አንድ የማንክስኛ ቃል እንዲሰማ አይፈቅድም ነበር። አንድ ጊዜ ብመልስላት ነርሷ ትሰማኝ ነበር። አጥቢያው በሙሉ ይሰማ ነበር። የኪኒሽ ቤት—» ሳይጨርሰው ቀረ፤ ወደ ኦሪ ዞረ። «አራተኛውንና አምስተኛውን ስጠኝ።»

«አልሰጥም።»

«አስብበት። ሃያ ሸክላ አስመጣልሃለሁ፤ ክረምት ሳይገባ። መኪናውም ያንተ ነው። በሰሜን ያሉት ሽማግሌዎች በሙሉ ይቀዱልሃል። እነዚህን ሁለት ብቻ።»

ኦሪ አሰበበት፤ አላሰበበትም ብል እዋሻለሁ። ሃያ ሸክላ ሰማንያ ደቂቃ ነው። በሰሜን አንድ ዓይነ ስውር መረብ ሠሪ አለ፤ ሐኪሙ ክረምቱን አይሻገርም ብሎታል። በሬን በስሙ እየጠሩ ያርሱበት የነበረውን ዜማ የምታውቅ አንዲት ሴት አለች። እነሱን ሳይቀዱ መቅበር ለአንድ ሳቅ የሚከፈል ዋጋ ነው ወይ? ይህን ሲያመዛዝን ዓይኑን ከሸክላዎቹ ላይ አነሣ። ካፒቴኑ የሚጠብቀው ይህችን ነበር፤ አራተኛውን ሸክላ አነሣና በሁለት እርምጃ ወደ ምድጃው ሄደ። ቀለሙ እንደ ክብሪት የሚነድ ነው፤ እሱም ያውቃል፣ ያስመጣው እሱ ነው።

ፔጊ በእሳቱና በእሱ መሃል ቆማ ነበር። መቼ እንደ ተነሣች ማንም አላየም።

«በእኔ እሳት አይሆንም» አለች። «የራስህን አንድድ።»

ቁመቷ ከደረቱ አይደርስም። ጁአን በወንበሩ ላይ እንዳለ ዱላውን በካፒቴኑ ቁርጭምጭሚት ፊት ዘረጋ። «ጌታዬ፣ ሐሙስ እሄዳለሁ» አለ በእንግሊዝኛ፣ በትልቅ ትሕትና። «እስከ ዛሬ ካፒቴን መትቼ አላውቅም፤ ሳልመታ መሄድ ያሳዝነኛል።»

ኦሪ ሸክላውን ከካፒቴኑ እጅ ወሰደ፤ ጠርዙን ብቻ ይዞ፣ ሕፃን ከመሰላል እንደሚያወርድ። ተቀምጦም ብዕሩን አወጣ። በወረቀቱ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አራተኛ ሸክላ። ጁአን ኮርኪል ቀልድ ሲያወራ፣ በማንክስኛ። የሳቀው ሮበርት ኪኒሽ፣ የኪርክ ብሬኖክ ካፒቴን።» የፊርማውን ቦታ ባዶ ተወው።

«ያለ እኔ ፊርማ መዝገብ ቤት አይገባም» አለ ካፒቴኑ።

«አይግባ። መዝገብ ቤት የሚገባው የሞተ ነው። ይሄ በየአዳራሹ ይሰማል።»

«ማን ያደምጥሃል? ቋንቋውን የሚያውቅ የለም።»

«ሳቅ አስተርጓሚ አይፈልግም» አለ ኦሪ። «ሃያ ሸክላዎን ለሌላ ይስጡ። ሰሜን በእግሬ እሄዳለሁ፤ የማልቀዳውን በእጄ እጽፋለሁ። አንድ ሰው ከጎኔ ተቀምጦ አፋቸውን ሲዘጋቸው ግን ሁለተኛ መኪና አልነዳም።»

ካፒቴኑ ባርኔጣውን ፈለገ። መውጣት ጥፋትን ማመን ነበር፤ መቀመጥም ማመን ነበር። በሩ ላይ ቆመ፤ መኪናውን የሚነዳለት ሰው ገና አልተነሣምና የሚሄድበት አልነበረውም።

«አንድ ቀርቷል» አለች ፔጊ፣ ወደ ስድስተኛው ሸክላ እያየች። «ስለ ቅቤ ልንገርህ ወይስ የፈለግሁትን?»

«የፈለጉትን፣ እማማ ፔጊ።»

«የኮረብታው ቀን መቼ ነው?»

«ሐምሌ አምስት። ሁለት ሳምንት ተኩል።»

በዚያ ቀን የደሴቱ ሕግ በቲንዋልድ ኮረብታ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ይነበባል፤ ገዢው ከላይ፣ የየአጥቢያው ካፒቴኖች ከታች በየእርከናቸው ሆነው። በደል አለብኝ የሚል ማንኛውም ሰው፣ ሀብታም ሆነ ለማኝ፣ አቤቱታውን ይዞ ኮረብታው ሥር ሊቀርብ መብት አለው። ካፒቴኑ ይህን ሲሰማ የበሩን መቃን ያዘ።

ፔጊ ጥሩዋን ወንበር ራሷ ስባ ተቀመጠችበት። ወገቧን አላቀናችም፤ እጇንም አላጣጠፈችም። ማይክሮፎኑን ከወተት ማሰሮው ላይ አንሥታ ወደ አፏ አስጠጋችው።

«ጻፍም፣ ቅዳም» አለች ለኦሪ። «ሁለቱንም አድርግ።»

ኦሪ መርፌውን አወረደ።

«እኔ የላርጊዋ ማርጋሬት ስኪሊኮርን፣ ፔጊ የምባለው፣ በገዛ ቋንቋዬ አቤት እላለሁ። በደሌ የራሴ አይደለም፤ የሟች ነው፤ ሟች ግን ኮረብታው ሥር መቆም ስለማትችል እኔ እቆማለሁ። ኤሊሽ ኪኒሽ ሃያ ሁለት ቀን ጥያቄ ጠየቀች። ልጇ ጥያቄዋ ገብቶት ነበር። ያልገባው መስሎ ቆመ፤ እኔን ላም አደረገኝ፤ ከበሯ መለሰኝ። ሐምሌ አምስት ቀን በማዕረግ ልብሱ እርከኑ ላይ ሲቆም፣ ሕጉ ተነቦ ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ሮበርት ኪኒሽ፣ ለእናትህ ለምን አልመለስክላትም? በማንክስኛ ይመልስ፣ በእንግሊዝኛ ይመልስ፣ ግድ የለኝም። ኮረብታው ሥር፣ ሁላችንም ባለንበት፣ ጮክ ብሎ ይመልስ።»